ሽርሽረኛው መምህር፦ ላፍካዲዮ ሄርን በጃፓን አገር (1890–1904)

ለዕረፍቱ ሲል አገር ለአገር የተንሸራሸረ የውጭ ሰው የጻፈው ነገር ለታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላልን? ይህ ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስለ 19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ ስናጠና ከእጃችን ከሚገቡት መጻሕፍት ብዙዎቹ መንገደኞች የጻፉአቸው ናቸው፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ መልክተኞች፣ አንዳንዶቹ ሚስዮናውያን፣ ሌሎቹም አገር ለማየት ብቻ የመጡ ነበሩ። ነገር ግን የገዛ አገርን ጕዳይ ሲመረምሩ ፍቅርም ቍጣም ስለሚገባበት፣ ጥያቄውን በሩቅ አገር ምሳሌ መመርመር ይሻላል ብዬ አሰብሁ። የመረጥሁትም በጃፓን አገር አሥራ አራት ዓመት ኖሮ በዚያው የሞተውን ላፍካዲዮ ሄርንን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሄርን በ1850 ሌፍካዳ በምትባል የግሪክ ደሴት ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሐኪም የነበረ የአየርላንድ ሰው፣ እናቱ ግን ግሪካዊት ነበረች። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ተለያዩና ደብሊን ከተማ ባባቱ ወገን አክስት ዘንድ አደገ። በ16 ዓመቱ በትምህርት ቤት ጨዋታ ላይ ግራ ዐይኑ ጠፋ፤ የቀረችውም ቀኝ ዐይኑ ከቅርብ በቀር አታይም ነበር። በ19 ዓመቱ ያለ ገንዘብ ወደ አሜሪካ ተላከ፤ እዚያም በሲንሲናቲና በኒው ኦርሊንስ የጋዜጣ ጸሐፊ ሆኖ ብዙ ዓመት ቈየ፤ በመካከሉም ማርቲኒክ በምትባለው የካሪብ ባሕር ደሴት ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። በሚያዝያ 1890 ዮኮሃማ ወደብ ሲደርስ የአርባ ዓመት ጐልማሳ ለመሆን ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የላከው አንድ የአሜሪካ መጽሔት ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው ከመጽሔቱ ጋራ ተጣላና ሥራውን ተወ። እንግዲህ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ መካከል፣ ያለ ሥራ ቀረ ማለት ነው።

በዚያን ዘመን በጃፓን ውስጥ አንድ የውጭ አገር ሰው እንደ ልቡ መንሸራሸር አይችልም ነበር። ከምዕራባውያን መንግሥታት ጋራ በተደረጉት ውሎች መሠረት፣ የውጭ ሰዎች የሚኖሩት ለነሱ በተከፈቱት ወደቦች ብቻ ነው፤ ከወደቡ ርቀው ወደ መሐል አገር ለመግባት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል፤ ወረቀቱም የሚሰጠው ለጤና ወይም ለሳይንስ ምርምር ነው ተብሎ ነበር። ይህ ሥርዐት የቀረው ውሎቹ ተለውጠው በ1899 በሥራ ላይ በዋሉ ጊዜ ነው። በመሐል አገር ቤት ይዞ ለመቀመጥ የሚችለው በጃፓኖች ዘንድ በሥራ የተቀጠረ ሰው ነበር። ስለዚህ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የነበረው እንግሊዛዊው ቤዚል ሆል ቼምበርሌን ረድቶት፣ ሄርን ማትሱዌ በምትባል ከተማ የእንግሊዝኛ መምህርነት ሲያገኝ፣ ያገኘው እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎች መንገደኞች ለጥቂት ሳምንት ብቻ በሚያዩት አገር ውስጥ ለመኖር በር ተከፈተለት። ደመወዙ በወር 100 የን ነበር፤ ይህም ከአብዛኞቹ የአገሩ መምህራን ደመወዝ እጅግ የበለጠ ነው። ስለ ጕዞው ውበት በምናነብበት ጊዜ ይህን ቍጥር መርሳት አይገባም፤ የሚንሸራሸር ሰው አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ነውና።

ከቶኪዮ እስከ ኮቤ ያለው የምድር ባቡር መንገድ በ1889 ተፈጽሞ ነበር። ማትሱዌ ግን በጃፓን ባሕር በኩል፣ ከተራሮች ማዶ ስለ ነበረች፣ ሐዲድ አልደረሰባትም። በነሐሴ 1890 ሄርን ከሂመጂ ከተማ ተነሥቶ፣ አኪራ ከሚባል አስተርጓሚው ጋራ፣ ሰው በሚጐትተው ባለ ሁለት መንኰራኵር ጋሪ ተራሮቹን ለማቋረጥ አራት ቀን ፈጀበት። በመንገድ ላይ ካደሩባት መንደር በአንዲቱ፣ የሙታን መታሰቢያ በዓል ስለ ነበረ፣ የመንደሩ ሴቶችና ቈነጃጅት በጨረቃ ብርሃን ክብ ሠርተው ሲጨፍሩ አየ። ስለዚህ ጭፈራ የጻፈው ምዕራፍ «በማይታወቀው ጃፓን የታዩ ነገሮች» ልንለው በምንችለው በ1894 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። በኔ አስተያየት ይህ ምዕራፍ የመጽሐፉን ኀይልም ድካምም ባንድነት ያሳያል። እጆቻቸው እንዴት እንደሚዘረጉ፣ እግሮቻቸው ያለ ድምፅ እንዴት እንደሚንሸራተቱ ይነግረናል። የጨፋሪዎቹ ስም ግን ማን እንደ ሆነ፣ በማግስቱ ወደምን ሥራ እንደ ሄዱ፣ የዚያ ዓመት የሩዝ መከር እንዴት እንደ ነበረ አይነግረንም። ለሱ ሕልም ነበሩ፤ ሕልም ደግሞ ግብር አይከፍልም።

ማትሱዌ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ እየተለወጠ ሄደ። በመስከረም ወር ገና አዲስ ሳለ፣ ከጃፓን የሺንቶ መቅደሶች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ወደ ሆነው ወደ ኪዙኪ፣ ዛሬ ኢዙሞ ታይሻ ወደሚባለው ስፍራ ሄደ። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ የነበረው ወዳጁ ኒሺዳ ሰንታሮ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ሰጥቶት ስለ ነበረ፣ የመቅደሱ ሊቀ ካህናት ሰንጌ ታካኖሪ በክብር ተቀበለው፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል ለመግባትም ከአውሮፓ ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ሆነ። ሄርን ስለ ካህኑ ልብስ፣ ስለ ዝምታው፣ ስለ ጥንታዊው የእሳት ማውጫ እንጨት በዝርዝር ጽፎአል። እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ የሚያስተውለው ነገር አለ፤ በሩን የከፈተው የመንገደኛው ብርታት ሳይሆን የኒሺዳ ደብዳቤ ነው። አስተርጓሚው አኪራም ባይኖር ኖሮ ካህኑ የተናገረው ቃል ሁሉ ባዶ ድምፅ በሆነ ነበር። በመንገደኞች መጽሐፍ ጀርባ ሁልጊዜ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ስማቸው ግን በሽፋኑ ላይ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ በዕረፍት ቀኖቹ ያላያት ስፍራ ጥቂት ናት። በሚዮኖሴኪ ወደብ የስፍራው አምላክ የዶሮ እንቍላል ይጠላል ስለሚባል፣ በመንደሩ ዶሮም እንቍላልም እንደማይገኝ ሰምቶ ተደነቀ። በካካ በጀልባ ወደ ባሕር ዋሻ ገብቶ፣ የሞቱ ሕፃናት ነፍሳት ይከምሩታል የሚባለውን የትንንሽ ድንጋዮች ቍልልና ወላጆች ያስቀመጡአቸውን የሣር ጫማዎች አየ፤ ሦስት የራስ ጠጕር የሚያነቃንቅ ነፋስ ካለ ወደዚያ መሄድ ክልክል እንደ ሆነም ተነገረው። በ1892 ክረምት ከሚስቱ ጋራ በእንፋሎት በምትሄድ ትንሽ መርከብ ወደ ኦኪ ደሴቶች ተሻገረ። እዚያ ደግሞ ነገሩ ተገለባበጠ። ከደሴቲቱ ሰዎች ብዙዎቹ የአውሮፓ ሰው አይተው ስለማያውቁ እሱን ለማየት ተሰበሰቡ። ሊያይ የሄደው ሰው ራሱ ትርኢት ሆነ፤ ይህንንም ሳይሸሽግ፣ ያለ ምሬት ጽፎታል። ብዙ የመንገድ መጻሕፍት በዚህ ስፍራ ላይ ሕዝቡን ይሳደባሉ።

እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የውጭ አገር መምህራን ቅዳሜ ሲሆን ፎቶግራፍ ማንሻቸውን አንግተው ወደ ተራራው ይወጡ ነበር፤ እኛም ስንቃቸውን ይዘን እንከተላለን። ፎቶግራፉ ከታጠበ በኋላ ስናየው፣ ተራራውና አሮጌው ቤተ ክርስቲያን እንጂ በመንገድ ያለፍንበት አዲሱ ወፍጮ ቤት በአንዱም ላይ አይገኝም። ይህን ያህል ዓመት ቈይቶ ሄርንን ሳነብ ያ ወፍጮ ቤት ትዝ ይለኛል። እሱ ማትሱዌ ሲደርስ በጃፓን ሕገ መንግሥት ከታወጀ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው በ1890 የመጀመሪያው ፓርላማ ተሰበሰበ። በየከተማው የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ይቋቋም ነበር። ከሽርሽሮቹ ምዕራፎች ውስጥ ይህን ለማግኘት የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆሞ መፍረድ ትክክል አይመስለኝም። በሁለት ምክንያት ሄርን ከተራ ሽርሽረኛ ይለያል።

አንደኛው፣ በዐይኑ ደካማነት የተነሣ ጆሮው የበረታ መሆኑ ነው። ስለ ማትሱዌ በጻፈው ምዕራፍ ከተማይቱን የሚያስተዋውቀን በድምፅ ነው፤ ሩዝ በሚወቅጠው በትልቁ ሙቀጫ ምት፣ በቤተ መቅደስ ደወል፣ ፀሐይ ስትወጣ በሚሰግዱት ሰዎች ጭብጨባ፣ በታላቁ ድልድይ ላይ በሚያልፉት የእንጨት ጫማዎች ኳኳታ። የመንግሥት መዝገብ ይህን አይጽፍም። በ1890 አንዲት የጃፓን አውራጃ ከተማ ሲነጋ ምን ትሰማ እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር በቀላሉ አያገኝም።

ሁለተኛው፣ መምህር መሆኑ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ተማሪዎቹ የጻፈው ማስታወሻ ከሽርሽሮቹ ሁሉ ይልቅ ለታሪክ የሚጠቅም ይመስለኛል። በጥቅምት 1890 የወጣው ስለ ትምህርት የተሰጠው የንጉሠ ነገሥቱ ቃል በተማሪዎች ፊት ሲነበብ እሱ በስፍራው ነበር። ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ የጻፉአቸውን ድርሰቶች፣ ስለ ንጉሣቸው የሚሰማቸውን፣ የታመሙትንና የሞቱትን ልጆች ሁሉ መዝግቦአል። እነዚህን ሰዎች በየቀኑ ያያቸው ነበር፤ ስማቸውንም ያውቃል። ሰዎቹ ስም ባገኙ ቍጥር ሕልሙ ይቀንሳል፤ ምስክርነቱም ይጠነክራል።

በ1891 መጨረሻ ከማትሱዌ ብርድ ሸሽቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኩማሞቶ ተዛወረ። ኩማሞቶ በ1877 በሳትሱማ ዐመፅ ጊዜ ተቃጥላ እንደ ገና የተሠራች፣ የወታደር ሰፈር የበዛባት ከተማ ስለ ነበረች አልወደዳትም። በ1894 ኮቤ ሄዶ በጋዜጣ ሥራ ገባ፤ ከቻይና ጋራ ከተደረገው ጦርነት የተመለሱትንም ወታደሮች በዚያ ሆኖ አየ። በ1896 የጃፓን ዜግነት ተቀብሎ ኮይዙሚ ያኩሞ ተባለ፤ ኮይዙሚ የሚስቱ የቤተ ሰብ ስም ነው። ከዚያም እስከ 1903 ድረስ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማረ። በ1897 የፉጂን ተራራ ወጣ፤ መሪዎቹ አንዱ ከፊት እየጐተተው፣ አንዱ ከኋላ እየገፋው እንደ ወጣ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ዓመት ጀምሮም ክረምቱን በያይዙ፣ በአንድ ዓሣ ሻጭ ቤት ፎቅ ላይ ተከራይቶ በባሕር ሲዋኝ ያሳልፍ ነበር።

ስለ ሚስቱ ስለ ሴትሱ ያለ ጥቂት ቃል ማለፍ አይቻልም። ከተቸገረ የሳሙራይ ቤተ ሰብ የተወለደች ነበረች። ባልዋ ጃፓንኛ ማንበብ ስለማይችል፣ የድሮ መጻሕፍት እየፈለገች ተረቶቹን ማታ ማታ ትነግረው ነበር። መጽሐፉን እንዳነበበችው እንድትደግምለት አይፈቅድም፤ በገዛ ቃልዋ፣ በገዛ አሳብዋ እንድትናገር ያስገድዳት እንደ ነበር ከሞቱ በኋላ ባሳተመችው ትዝታ ላይ ገልጻለች። ሁለቱ ይነጋገሩበት የነበረው ቋንቋም ከነሱ በቀር ሌላ ሰው በሚገባ የማያውቀው የተሰባበረ ጃፓንኛ ነበር። እንግዲህ በ1904 የታተመው «ክዋይዳን» የተባለው የመናፍስት ታሪክ መጽሐፍ የማን ነው? ሽፋኑ የሄርን ነው ይላል። እኔ ግን ግማሹ የሴትሱ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ቼምበርሌን ከጊዜ በኋላ ሄርን የሚወደው ጃፓን በአሳቡ የፈጠረው ጃፓን ነው የሚል ትችት ሰጥቶአል። በትችቱ ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን በአሳቡ ጃፓንን የፈጠረ ሄርን ብቻ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 በመልክተኛነት ወደዚያ ሄደው፣ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1931 የተሰጠው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በብዙ ክፍሉ የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት የተከተለ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ብላቴን ጌታ የፈለጉት ንጉሥዋንና ነጻነትዋን ጠብቃ በአጭር ጊዜ የሠለጠነችውን ጃፓን ነበር፤ የመንግሥት እንግዳ እንደ መሆናቸውም ያዩት አስተናጋጆቻቸው ያሳዩአቸውን ነው። ሄርን ከፋብሪካው ሸሽቶ ወደ መቅደሱ ሄደ፤ እሳቸው ደግሞ የፋብሪካውን ምስጢር ፈልገው ሄዱ። ሁለቱም ያዩት እውነተኛ ነገር ነው፤ የእያንዳንዳቸውም ጕድለት በሌላው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ልዩነቱ ግን አንዱ ለአንባቢው ደስታ፣ ሌላው ለአገሩ ሕልውና ሲሉ መጓዛቸው ነው፤ በዚህ ረገድ የኔ ልብ ወደ ብላቴን ጌታ ያደላል፤ ምንም እንኳ የአጻጻፉ ውበት ከሄርን ጋራ ቢሆን።

ሄርን በመስከረም 1904 ቶኪዮ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። በጋሪ አራት ቀን የተጓዘባት ማትሱዌ የምድር ባቡር የደረሰላት በ1908 ነው። የኖረበት የሳሙራይ ቤት ዛሬም ከነአትክልቱ በምሽጉ ጥግ ቆሞአል፤ በባቡር የሚመጡት ጐብኚዎችም መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው እሱ የጻፈውን ድምፅ ለመስማት ይሞክራሉ።