ቀባሪ አልጠፋም፤ ጧሪስ?

በአማርኛ ከሚመረቁት ምርቃቶች ሁሉ ከባዱ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ነው። ሁለት ነገር ይለምናል፦ ሲያረጁ የሚያበላ፣ ሲሞቱ የሚቀብር። «ጡረታ» የሚለው ቃልም የወጣው «ጦረ» ከሚለው ከዚሁ ግሥ ነው። ስለዚህ ጡረታ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤት ነገር አልነበረም፤ የልጅ ግዴታ ነበር።

የአዲስ አበባ ሰው የምርቃቱን ሁለተኛ ግማሽ በሚገባ አደራጅቶታል። የመጀመሪያው ግማሽ ግን ዛሬም የብዙ ቤት ጭንቀት ነው። ይህን ለማየት ካራን የመሰለ ቦታ የለም። ከኮተቤ አልፎ፣ የደሴ መንገድ ከከተማው በሚወጣበት በኩል፣ በእንጦጦ ተራሮች ሥር ያለው ይህ ሠፈር የጡረታ ደብተር ያለውንም የሌለውንም ጎን ለጎን ያኖራል።

ደመወዝ ሳይለመድ በፊት ጧሪው መሬት ነበር። መንግሥትን ያገለገለ ወታደርና ሹም ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ መሬቱ ደመወዙም ጡረታውም ነው። በእነዚህ ጋራዎች ላይ ደግሞ ሌላ ሀብት መጣ። አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ከመሠረቱ በኋላ የማገዶ እጦት ከተማይቱን ሊያስለቅቅ ደርሶ ነበር። አዲስ ዓለምም የታሰበችው ለምትክ ዋና ከተማነት ነው። አዲስ አበባን ያዳናት ዘሩ ከአውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት ለሽያጭ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። መሬት ላለው ሰው ይህ ባንክ ማለት ነው፤ በጉልማስነት ተተክሎ በሽምግልና የሚመነዘር። መሐል ከተማ ላለው ደግሞ ቤት ሠርቶ ማከራየት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ይህ ጧሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሰበረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ተወረሰ። ፍትሕ የለበትም ማለት አይቻልም፤ በዚያው አዋጅ የብዙ ድሃ ተከራይ ኪራይ ቀንሷል። ነገር ግን ትርፍ ቤት የነበረው ባላባቱ ብቻ አልነበረም። ሁለት ክፍል አከራይታ የምትኖር ባልቴትም ነበረች። አዋጁ ራሱ ይህን ስላወቀ ከኪራይ ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው ሰዎች ወርኃዊ አበል እንዲከፈል ፈቅዶ ነበር። ዕድሜ ልክ የተከማቸ ነገር ግን ከኪራይ ወደ አበል ሲለወጥ ባለቤቱም ከጌታነት ወደ ተጧሪነት ይለወጣል።

ሁለተኛው ጧሪ ደመወዝ ነው። በዓለም ላይ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የእርጅና ጡረታ ጀርመን በ1889 እ.ኤ.አ. በቢስማርክ ጊዜ አወጀች። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 4፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። በዚያን ቀን መንግሥት በልጅ ፋንታ ጧሪ ሆነ ማለት ይቻላል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ተመሳሳይ አዋጅ እስኪወጣለት እስከ 2003 ዓ.ም.፣ ማለት 48 ዓመት ጠብቋል። ዛሬ መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ደርሷል፤ መውጫው ዕድሜም 60 ነው።

ስሌቱን ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሊወጣ ሲል ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ደመወዙ 8,000 ብር ከነበረ አበሉ 4,400 ይሆናል። ከ10 ዓመት በታች ያገለገለ ደግሞ የዘለቄታ አበል የለውም። አበሉ አልፎ አልፎ ይሻሻላል፤ ገበያው ግን አዋጅ አይጠብቅም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የጡረተኛው ደብተር ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፤ የሚገዛው ዘይት ግን ተነካ።

ሦስተኛዋን ለማግኘት ወደ ጋራው መውጣት ነው። ለአሥርተ ዓመታት ሴቶች ከእንጦጦ ተራሮች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ወደ ከተማ ወርደዋል። የአዲስ አበባ እንጀራ የተጋገረው በነሱ ጀርባ ነው። ከጥበቃ ጋር እየተሯሯጡ ያደረጉት ይህ አገልግሎት በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ አልሰፈረም፤ መዋጮም አበልም የለውም። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚዎች በማኅበር ተደራጅተው ሽመና ይዘዋል፤ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ አምጥቷል። መልካም ነው። ግን ድጋፍ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ጡረታ የሚገባ ነገር ነው። የወገብ ዋጋ እንደ መብት እስካሁን አልተጻፈም።

እንግዲህ መሬቱ ተወረሰ፣ አበሉ ቀለለ፣ ተሸካሚዋ ከመዝገቡ ውጭ ቀረች። ልጅስ? ልጅ ለራሱ የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ወይ ዐረብ አገር ነው፤ ወይ ወረፋ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ያልተሰበረ አንድ ነገር አለ፤ ዕድር። ንጉሥ ሲወርድ፣ ደርግ ሲመጣ፣ ደርግ ሲሄድ ዕድር በወር በወሩ ሰብስቧል። ዘውድም ሆነ ፓርቲ አላቆመውም። ደብተር ያላትም የሌላትም፣ ባለፎቁም ተከራዩም እኩል ይከፍላሉ፣ እኩል ይለቀስላቸዋል። የሚገርመው፣ ዕድርን በዳኝነትና በጸሐፊነት የሚያቆሙት ብዙ ጊዜ ጡረተኞች ናቸው። ከቢሮ ሲወጣ ማዕረጉን ያጣ ሰው ድንኳኑ ሥር መልሶ ያገኘዋል። ጡረታ ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም፤ ሰው በ60 ዓመቱም የሚፈልገው ሥራ ይፈልጋል።

ዕድር ግን ቀባሪ እንጂ ጧሪ አይደለም። ለሞተ ድንኳን ይተክላል፤ ጓዳዋ ባዶ ለሆነ አሮጊት ግን ደንቡ ዝም ይላል። የታመመና የደከመ አባል መርዳት የጀመሩ ዕድሮች መኖራቸው መንገዱ እንዳልተዘጋ ያሳያል። ለቀብር መቶ በመቶ የሚታመን መዋጮ ካለ፣ ከዚያው ላይ ለእህልና ለመድኃኒት ጥቂት ብር መለየት ከአቅም በላይ አይደለም። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ልማድ ነው።

ከካራ ታሪክ ለዛሬው ጎልማሳ የሚተርፈውም ይኸው ነው። በአንድ ጧሪ ላይ የተደገፈ እርጅና ያ ጧሪ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ዛሬ ብዙ ሰው ተስፋውን በሙሉ የጣለባት ኮንዶሚኒየም የ1967ቱ ትርፍ ቤት የልጅ ልጅ ናት፤ ጥሩ ናት፣ ብቻዋን ግን አትበቃም። የአገልግሎት ማስረጃ በጊዜው ይያዝ፣ መዋጮው ገቢ መደረጉ ይጠየቅ፣ ዕቁብ ሲወጣ ለድግስ ብቻ አይዋል፣ ጉልበት ሳይደክም የሚሠራ ሙያና የሚቀመጡበት ጉባኤ ይበጅ። ዛፉን በእርጅናው የቆረጠው በጉልማስነቱ የተከለው ነው።

ለሞት በየወሩ የሚያዋጣ ሕዝብ ለእርጅና ማዋጣት አያቅተውም። ምርቃቱም ቢሆን «ጧሪ»ን ያስቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም።