ጨው፣ ውሃና ጠባቂ

አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። እኛም ዛሬ ከወጥ ቤቱ ጨው አልፈን፣ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ ስለሚለው የጨው ውሃ እናውጋ። ሰዉ የተሰቀለውን ሁሉ «ግሉኮስ» ይለዋል እንጂ፣ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው ጨውና ውሃ ብቻ ነው። ታዲያ ጨውና ውሃ ምን ታሪክ አለው? የሚል ቢኖር፣ አለው እንላለን፤ ያውም በሰው ሕይወት የተጻፈ።

በ1831 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮሌራ እንግሊዝ አገር ሰንደርላንድ ወደብ ገባ። የዘመኑ ሐኪሞች ውሃው ካለቀበት ሰው ደሙን ጭምር ያፈሱ ነበር! ዊልያም ኦሾግነሲ የተባለ ወጣት ሐኪም ግን የሕመምተኞቹን ደም መርምሮ ውሃውና ጨው መቀነሱን አገኘ፤ የጎደለው ይመለስ ሲልም ጻፈ።

ይህን አንብቦ በሥራ የሞከረው በስኮትላንድ የሊት ከተማ ሐኪም ቶማስ ላታ ነው። በ1832 ተስፋ ለተቆረጠባት አንዲት አሮጊት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ3 ሊትር በላይ የጨው ውሃ በደም ሥሯ አስገባ። የጎደጎደው ዓይኗ በራ፣ የጠፋው የልብ ትርታ ተመለሰ። ላታም ዳነች ብሎ ለተረኛው ሐኪም አደራ ሰጥቶ ሊያርፍ ሄደ። ትውከቱና ተቅማጡ ግን ተመለሱ፤ ውሃውን የሚደግምላት አልተገኘም፤ ከ6 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሞተች። ቢደገምላት ኖሮ ትድን ነበር ሲል ላታ ራሱ ጽፏል። እሱም በ1833 ሞተ፤ ዘዴውም ለብዙ ዓመታት ተረሳ።

እርግጥ ጥፋቱ የተረኛው ብቻ አልነበረም። ጀርም ገና አይታወቅምና ውሃው ንጹሕ አልነበረም፤ ጨውም ከደም ጨው የቀጠነ ነበር። የጨዉን ልክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የፈለገው ሆላንዳዊው ሐምቡርገር ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት በባዶ ውሃ አብጠው ይፈነዳሉ፣ በበዛ ጨው ይጨማደዳሉ። ዛሬ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው የሚደረገው ለዚህ ነው። በ1923 ደግሞ አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ሳይበርት፣ ተጣርቶ የተቀቀለ ውሃ እንኳ የጀርም ቅሪት ካለበት ትኩሳት እንደሚያመጣ አሳየች።

ተምረን ጨረስን እንዳይባል፣ በ1972 በእንግሊዝ ፕሊመዝ ከተማ በስኳር ውሃ ሰዎች ሞቱ። ጠርሙሶቹ ሲቀቀሉ ከታች የተደረደሩት በቂ ሙቀት አላገኙም ነበር፤ ግን ከሌሎቹ ጋር አብረው ተላኩ። ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁሉም አንድ ናቸው እኮ!

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ይመስላል እንጂ ዋጋ ተከፍሎበታል። ለቁስል ማጠቢያ የተዘጋጀው ጠርሙስ በደም ሥር አይገባም። የደፈረሰ ወይም የተሰነጠቀ ይጣላል። ቁስል ታጥቦበት የተረፈው ለሌላ ሰው አይቀመጥም። በደም ሥር የሚገባውም ሲበዛ ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ ሲያንስ ደግሞ የሊቷን አሮጊት ያስታውሰናል።

በ1971 ከምሥራቅ ፓኪስታን ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በሕንድ ድንበር ባንጋዎን ሲከማች ኮሌራ ገባ፤ ጠርሙሱም አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨው፣ ሶዳና ስኳር በውሃ በጥብጦ በአፍ እንዲሰጥ አደረገ፤ ስኳሩ ጨዉን በአንጀት በኩል ያሳልፈዋልና። በኩባያ እየቀዱ ያጠጡት ቤተሰቦች ነበሩ። ከመቶ 30 ገደማ ይደርስ የነበረው ሞት፣ ይህን ከጠጡት መካከል ከመቶ 4 በታች ወረደ።

ላታ ያጣው ይህንኑ ነበር፤ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅና የጎደለውን እያየ የሚተካ ሰው። እኛም ጠርሙሱን ሰቅለን ዘወር ስንል፣ ሕክምናው ገና መጀመሩ መሆኑን አንርሳ።