ደመወዝ የጠየቁት ስድስት ሰዎችና ቃሉን የካደው ምስክር

ሙሴና አሮን በፈርዖን ፊት ቆመው ሕዝቡ እንዲለቀቅ ሲጠይቁ የሕዝቡ ሸክም ወዲያው አልቀለለም። እንዲያውም ጭድ ተከለከሉ፤ የጡቡ ቁጥር ግን እንደ ቀድሞው ተጠየቀ። አለቆቻቸውም ተገረፉ። ፈርዖን ጥያቄውን ስንፍና አለው (ዘጸአት 5)። ፍትሕን የጠየቀ ሰው ሌላ ስም ተሰጥቶት ሲቀጣ ያን ጊዜ አዲስ አልነበረም፤ ዛሬም አዲስ አይደለም። ከዛሬ 190 ዓመት ገደማ በፊት በእንግሊዝ አገር ይህ በወንጌል አማኞች ላይ ደርሷል።

ቦታው በዶርሴት አውራጃ የሚገኘው የቶልፑድል መንደር ነው። ጆርጅ ላቭለስ የእርሻ ሠራተኛ ሲሆን፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንም ሰባኪ ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የመንደሩ ሠራተኞች ጎረቤቶቻቸው በሳምንት 10 ሺሊንግ ሲከፈላቸው አይተው ይህንኑ ጠየቁ። ገበሬዎቹና ሠራተኞቹ ተነጋግረው ተስማሙ፤ በላቭለስ ምስክርነት መሠረት የአጥቢያው ቄስም አሠሪዎቹ ቃላቸውን ቢያፈርሱ ምስክር እንደሚሆን ቃል ገባ። ብዙም ሳይቆይ ግን ክፍያው ወደ 9 ሺሊንግ ወረደ፤ ከዚያም ወደ 8፣ ከዚያም ወደ 7። ቀጥሎ 6 እንደሚሆን ተነገራቸው። ሠራተኞቹ ምስክራቸውን ሲፈልጉ፣ ቄሱ እንዲህ ዓይነት ቃል አልገባሁም ብሎ ካደ።

በዚህ ጊዜ ላቭለስና ጓደኞቹ በ1833 የመረዳጃ ማኅበር መሠረቱ። ንብረት አላቃጠሉም፤ ማንንም አልደበደቡም። ማኅበር መመሥረትም ከ1824 ወዲህ በሕግ የተከለከለ አልነበረም። ስለዚህ ባለርስቱና ዳኛው ጄምስ ፍራምፕተን ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት። አባላቱ ሲገቡ የምስጢር መሐላ ይፈጽሙ ስለነበር፣ በ1797 የባሕር ኃይል ዓመፅን ለመቅጣት የወጣ የመሐላ ሕግ ተመዘዘ። የካቲት 24 ቀን 1834 (እ.ኤ.አ.) ማለዳ ስድስቱ ተያዙ፤ በመጋቢት ወርም በዶርቼስተር ከተማ ፍርድ ቤት ቀርበው እያንዳንዳቸው የ7 ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው። በመርከብ ተጭነው ወደ አውስትራሊያና ወደ ታስማኒያ ተላኩ። ክሱ ስለ መሐላ ነው ተባለ፤ ጠቡ ግን የጀመረው ስለ ሺሊንግ ነበር።

በቀሉ በእስረኞቹ ብቻ አላበቃም። ሚስቶቻቸው ለድሆች የሚሰጠውን የአጥቢያ እርዳታ ሲጠይቁ ተከለከሉ። ዓላማው ልጆቹ ሲራቡ ያየ ሌላ ሠራተኛ አፉን እንዲዘጋ ነበር።

እግዚአብሔር ግን ሌሎች ምስክሮችን አስነሣ። በለንደን ኮሚቴ ተቋቁሞ ለቤተሰቦቹ ገንዘብ ሰበሰበ። ሚያዝያ 21 ቀን 1834 እጅግ ብዙ ሕዝብ በሰላም ተሰልፎ አቤቱታውን አቀረበ። መንግሥት መጀመሪያ አልሰማም፤ በመጋቢት 1836 ግን ሙሉ ምሕረት ሰጠ። ላቭለስ በ1837 አገሩ ገባ፤ ሌሎቹም በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ተመለሱ። በኋላ አምስቱ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ካናዳ ተሻገሩ።

ወገኔ፣ ምናልባት አንተም ያልተከፈለህን ደመወዝ ጠይቀህ ከዚያ ቀን ወዲህ ፈረቃህ ተቀይሮ፣ ማስጠንቀቂያ በዝቶብህ ይሆናል። እህቴ፣ ምናልባት «ሥነ ምግባር የጎደላት» የሚል ስም ወጥቶልሽ ይሆናል። በቀል ብዙ ጊዜ በራሱ ስም አይመጣም፤ የቶልፑድል ሰዎች በደመወዝ ጥያቄያቸው መከሰስ ስላልቻሉ በመሐላ ተከሰሱ። ስለዚህ ሌላ ሰበብ እንዳይገኝብህ በሥራህ ታማኝ ሁን፤ የጠየቅኸውንና የተመለሰልህን ከነቀኑ በጽሑፍ ያዝ፤ ብቻህንም አትቁም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። መብትን በሕግ መጠየቅ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ጳውሎስም የሮም ዜግነቱን ጠቅሶ ተከራክሯል፣ ወደ ቄሣርም ይግባኝ ብሏል።

ለቤተ ክርስቲያን ግን ከዚህ ታሪክ የሚከብደው ጥያቄ የቄሱ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተቀማ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱ በጌታ ጆሮ እንደሚገባ ይነግረናል። ጌታ የሰማውን እኛ አልሰማንም ልንል እንችላለን? በጉባኤያችን አሠሪም ሠራተኛም አብረው ይዘምራሉ። አሠሪው ትልቅ አሥራት ሰጪ፣ ሠራተኛይቱ የቤት ሠራተኛ ስትሆን፣ ሽማግሌዎች የማንን ቃል ያስታውሳሉ? «በጸሎት ያዙት» ብለን የምንሸኘው ሰው የዚህ ወር የቤት ኪራይ አለው? በችግሩ ጊዜ ለልጆቹ ጤፍ የሚገዛለት፣ ያየውን «አይቻለሁ» የሚልለት ወንድም ያስፈልገዋል።

አባት ሆይ፣ የተበደሉትን አጽናና፤ አሠሪዎችን በጽድቅ ምራ፤ እኛንም ቃላችንን ከማንክድ ምስክሮች ቁጠረን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።