በድንጋይ መሐል የተኛው ማገር

አክሱም የደረሰ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያየው የሐውልቶቹን ቁመት ነው። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን የማያንስ ክብደት እንዳለው ይገመታል። በ1937 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውም 24 ሜትር ያህላል። ስለ ግዝፈታቸው ብዙ ተጽፏል። ለግንባታ ታሪክ የበለጠ የሚናገረው ግን ጠራቢዎቹ በገጻቸው ላይ የቀረጹት ነገር ነው። በፎቅና በፎቅ መካከል ክብ ክብ ጉጦች በረድፍ ተደርድረዋል፤ የመስኮቶቹ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ጉጦች ወጣ ብለው ይታያሉ። በተለምዶ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እነዚህ ጉጦች የግንድ ጫፎች ናቸው፤ በአክሱም ዘመን ቤት ውስጥ የነበረውን እንጨት ድንጋይ ላይ መልሰው ያሳያሉ። ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ይታለፋሉ። የእኔ ክርክር ግን እንጨቱ የግድግዳው ዋና ማሰሪያ ነበር፣ የአክሱም ግንበኞች ትልቁ ጥበብም የአንዱን ዕቃ ድካም በሌላው ዕቃ ብርታት መሸፈናቸው ነው የሚል ነው።

ነገሩ ከዕቃዎቹ ባሕርይ ይጀምራል። ድንጋይ ቢጫኑት ይችላል፤ ቢጎትቱት ወይም ሊያጎብጡት ቢሞክሩ ግን ይሰነጠቃል፤ መጎተትን የመቋቋም አቅሙ ጭነት ከመሸከም አቅሙ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆን ነው። ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ ሲገነባ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ጭቃ ክፍተት ይሞላል፣ ሸክሙንም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ያከፋፍላል፤ ድንጋዮቹን አጣብቆ የመያዝ ኃይሉ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ዝናብ ካገኘውም ይታጠባል። በዚህ መንገድ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ውስጥና ውጭ ሁለት ገጽ አለው፤ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ከላይ ሸክም ሲበዛበት ሁለቱ ገጾች ይራራቃሉ፤ ግድግዳው ሆድ ያወጣና አንድ ቀን ይናዳል። እንጨት በዚህ በኩል ከድንጋይ ተቃራኒ ነው፤ በጭረቱ አቅጣጫ ሲጎተት ጠንካራ ነው፣ ሲጎብጥም ቶሎ አይሰበርም።

ይህ ዕውቀት በተግባር የሚታየው በደብረ ዳሞ ገዳም ነው። የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን በ1906 የመረመረው፣ በ1948 ደግሞ እድሳት የተደረገለት የአቡነ አረጋዊ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አሠራሩን በግልጽ ያሳያል። ጥቂት ረድፍ ድንጋይ ከተገነባ በኋላ በውስጠኛውና በውጭኛው ገጽ በኩል ረጃጅም አግዳሚ እንጨቶች ይተኛሉ። በእነሱ ላይ አጫጭር ግንዶች ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር እያቋረጡ ይጋደማሉ። እያንዳንዱ አጭር ግንድ አግዳሚዎቹን በሚያገኝበት ቦታ ላይ ስለተቦረቦረ ቁልቁል ይነክሳቸዋል፤ ጫፉም ክብ ሆኖ ከግድግዳው ይወጣል። የዝንጀሮ ራስ ይህ ነው። ቡርቡሩ አግዳሚው ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ይከለክላል፤ አግዳሚው በበኩሉ ድንጋዩን ይይዛል፤ ሁለቱ የግድግዳው ገጾችም አብረው ይቆማሉ። የጭቃ ቤት ማገር ቋሚዎቹን እንደሚያስር ሁሉ፣ እነዚህ አግዳሚዎች ግድግዳውን ይጠፍሩታል። ዛሬ ግንበኛ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ፌሮ አስሮ ኮንክሪት የሚሞላበት ቢምም ሥራው በከፊል ይኸው ነው።

ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ ያለው፣ ከዛጉዌ ዘመን የሆነው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ ልማድ ያስቀጥላል። የጠቆረው የእንጨት ረድፍና በነጭ ልስን የተሸፈነው የድንጋይ ረድፍ ተራ በተራ እየተደራረቡ ይወጣሉ። ዋሻው ዝናብ አያስገባበትም፤ ሕንፃው በዚህ መልክ መቆየቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። እንጨት ደርቆ ከኖረ ለዘመናት ይቆያል፤ የሚገድለው እየራሰ መድረቅ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከላሊበላ ይመጣል። ቤተ አማኑኤል ከአንድ ወጥ ቋጥኝ ተፈልፍሎ ሳለ ግድግዳው ወጣ ገባ እያለ የእንጨትና የድንጋይ ረድፎችን ያስመስላል። እዚያ የሚታሰር ነገር የለም፤ ስለዚህ መልኩ ከመጀመሪያውም ጌጥ ነበር ሊባል ይችላል። ነገር ግን ሰው ወደ ውድ ዕቃ የሚገለብጠው ቀድሞ የለመደውንና የሚያከብረውን አሠራር ነው። የጥንት ግሪኮችም በድንጋይ ቤተ መቅደሶቻቸው ላይ የእንጨት ወራጅ ጫፎችን የሚመስል ቅርጽ አስቀርተዋል፤ ብዙ ሊቃውንት የሚያዩት እንደ ቀደመው የእንጨት ሥራ ትዝታ ነው። ጌጡ የመጣው ሥራው ከተለመደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። አክሱም ውስጥ በቁፋሮ የወጡት የታላላቅ ቤቶች ግድግዳዎች፣ ዱንጉርን ጨምሮ፣ የሚያሳዩን በአብዛኛው ደረጃ በደረጃ እየጠበቡ የሚወጡ የድንጋይ መሠረቶችን ነው፤ እንጨት ግን እምብዛም አይታይም። ታዲያ ያ ሁሉ ማገር የት ሄደ? እዚህ ላይ የተረፈልን የሕንፃው ግርጌ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ግርጌው ከምድር እርጥበት የሚስብ ክፍል ነው፤ አስተዋይ ግንበኛ እንጨት ሊቀብርበት የሚመርጠው ቦታ አይደለም። እዚያ ግድግዳውን የሚያጸኑት ውፍረቱ፣ ወደ ውስጥ እየገባ የሚሄደው ደረጃና በማዕዘኖቹ ላይ የተቀመጡት ትላልቅ ጥርብ ድንጋዮች ናቸው። እንጨቱ የሚያስፈልገው ከዚያ በላይ ነበር፤ የላይኛው ክፍል ደግሞ ፈርሷል። ይህ ግምት መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ሐውልቶቹና ደብረ ዳሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ።

የቀረው ተቃውሞ እንጨት የተጠቀሙት የተሻለ ማያያዣ ስላልነበራቸው ነው የሚለው ነው። ይህን አክሱም ራሷ ታፈርሰዋለች። በ1974 መቆፈር የተጀመረው «የጡብ ቅስቶች መቃብር» በተተኮሰ ጡብና በኖራ የተሠሩ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቅስቶች አሉት፤ ዘመኑም 4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ኖራን ያውቁ ነበር፤ በስፋት ግን አልተጠቀሙበትም። ምክንያቱን መገመት ይቻላል። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት መቃጠል ስላለበት ማገዶ በገፍ ይፈጃል፤ ያው ግንድ ሳይቃጠል ግድግዳ ውስጥ ቢገባ ለዘመናት ያገለግላል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ግንበኞች ድንጋይን በኖራ ሲገነቡ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ኖራ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ስለሚመለስ ግድግዳውን እንደ አንድ አካል ይይዛል። በአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ውስጥ እንጨት በወለልና በመሳሰለው ቦታ ሲያገለግል፣ በግድግዳው ላይ ግን እንደ ደብረ ዳሞው ተደራርቦ የሚወጣ የማገር ረድፍ አይታይም። የማሰሩን ሥራ ኖራ ሲረከብ ማገሩ ቀረ፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ይህ ነው።

ይህ ክርክር ለጥገና ሥራ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ማገሩ ጌጥ ነው ብሎ የሚነሳ ባለሙያ የበሰበሰውን ግንድ አውጥቶ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ይደፍንና ላዩን ያስውበዋል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራና እርጥበት የማያሳልፍ በመሆኑ ውሃውን አጠገቡ ባለው እንጨት ላይ ያቁራል፤ ሌላው ግንድም በተራው ይበሰብሳል፤ ሁለቱ የግድግዳው ገጾች ደግሞ ማሰሪያቸውን እንዳጡ ይቀራሉ። ማገሩ ሸክም እንደሚይዝ የተረዳ ባለሙያ ግን ግንዱን በደረቀ ጠንካራ እንጨት ይተካል፣ ቡርቡሩን እንደ ጥንቱ ያስገባል፣ ክፍተቱንም በጭቃ ወይም በኖራ ይሞላል፤ ከዚያ በፊትም ጣሪያው ማፍሰሱንና የዝናቡ ውሃ የሚወርድበትን መንገድ ያያል።