መጻተኛና ንግድ፤ ከባሌ ደጋ ታሪክ የተገኘ ምስክር

ነጋዴ ዕቃውን በአጋሰስ ወይም በመርከብ ይጭናል፤ የሚታመንበትን ስሙን ግን የሚሸከምለት አጋሰስ የለም። ስም ወደ ባዕድ ሀገር የሚደርሰው አንድ ሰው ወደዚያ ሄዶ፣ ቤት ይዞ፣ ቋንቋ ተምሮ፣ ከጎረቤቱ ጋር ክፉና ደጉን አይቶ ሲኖር ነው። ስለዚህ የሁለት ሀገሮችን የንግድ ታሪክ የሚመረምር ሰው ስለ ጨርቁና ስለ ቡናው ከመጠየቁ በፊት፣ ከአንዱ ሀገር ፈልሶ በሌላው ሀገር ስለ ተቀመጠው መጻተኛ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ለዚህ ነገር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ምሳሌውን ከሩቅ መፈለግ የለባቸውም። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበረ። ከዘመኑ ብዙ ሳይርቅ የጻፈው ሩፊኖስ እንደ ተረከው፣ በልጅነቱ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በመርከብ ሲጓዝ በባሕር ዳርቻ ተያዘ፤ ወደ ንጉሡም ተወሰደ። ምርኮኛ ሆኖ መጣ፤ በታማኝነቱ ግን ነፃነትን አገኘ፤ እስከ መንግሥት አስተዳደርም ደረሰ። በሥልጣን ሳለም ከሮም ግዛት ለንግድ ከሚመጡት ሰዎች መካከል ክርስቲያኖቹን እየፈለገ፣ የሚጸልዩበትን ቤት እንዲያቆሙ መብት ሰጣቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም አቀረበላቸው። ጸሎት ቤት ያገኘ ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ በማግሥቱ የሚሄድ መንገደኛ መሆኑ ይቀራል፤ ይቀመጣል፤ ይታወቃል፤ ይታመናል። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው፣ መጻተኛ በሀገሮች መካከል ድልድይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ድልድይ የሚሆነው ነፃነትና ሕግ ሲያገኝ ብቻ መሆኑ ነው። ለሁለቱም የባሌ ደጋ ታሪክ ምስክር ይሆናል።

የባሌን ደጋ ያየ ሰው ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ ከውኃው ይማራል። ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ተዘርግቷል፤ በላዩም የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው የወይብ ወንዝ ወደ ገናሌ ይገባል፤ ገናሌም በዶሎ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ በሶማልያ ምድር ያልፍና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ውኃው ሳይደክም የሚሄድበትን አቅጣጫ ሲራራ ነጋዴው በብዙ ድካም ሲከተለው ኖሯል። ደጋው እህልና ከብት፣ የሐረና ጫካም ቡናና ማር ነበራቸው፤ የቆላው ምድር የዝሆን ጥርስ ነበረው። ከባሕር ማዶ የሚፈለገው ዋናው ነገር ጨርቅ ነበረ።

ስለ ባሌ ንግድ ከተጻፉት ጥንታውያን ቃላት አንዱ የተገኘው በካይሮ ነው። በ14ኛው ምእተ ዓመት የግብፅ መንግሥት ጸሐፊ የነበረው አል ዑመሪ፣ በዐፄዎቹ ሥልጣን ሥር ስለ ነበሩት ሰባት የእስላም ግዛቶች ሲጽፍ ከእነርሱ አንዷን ባሌን ይጠቅሳል። ምድሯ የለመለመ፣ ዝናቧ የበዛ መሆኑን ተናግሮ፣ ሕዝቧ በገንዘብ ሳይሆን በለውጥ፣ ይኸውም ከብትን በበግና በጨርቅ እየለወጠ እንደሚገበያይ ይገልጻል። አል ዑመሪ ግን ባሌን በዐይኑ አላየም። ወሬውን ከነገሩት ሰዎች አንዱ ዐብደላህ የሚባል የዘይላዕ ሰው ነበረ፤ ወደ ግብፅም የሄደው የኢትዮጵያው ንጉሥ በግዛቱ ላሉት እስላሞች እንዲራራላቸው ፓትርያርኩ ደብዳቤ ይጽፍለት ዘንድ ለመለመን ነበረ። እነሆ፣ የዘይላዕ መጻተኞች በካይሮ ስለ ተቀመጡ የባሌ ገበያ ለግብፅ ጸሐፊ ታወቀ። ገንዘብ በሌለበት ገበያ ዋጋን የሚያውቅ፣ የሁለቱንም ወገን ልማድ የሚያውቅ ሰው ከገንዘብ ይበልጥ ይፈለግ ነበርና፣ ከባሕር ዳር የመጣው እንግዳ የገበያው ሚዛን ሆነ።

በ16ኛው ምእተ ዓመት ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት የዚህን ሀገር መልክ ለወጡት፤ ባሌ ከዐፄዎቹ አስተዳደር ወጣች፤ የኦሮሞም ሕዝብ በደጋው ሰፍኖ ኖረ። የሰው መንገድ ግን ፈጽሞ አልተዘጋም። በምሥራቅ ባሌ ወዳለው ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን ከኦሮሞውና ከሶማሌው ምድር ብዙ ተሳላሚ በየዓመቱ ይሄድ ነበረ፤ ዛሬም ይሄዳል። ሃይማኖቱ ከአንባቢው ሃይማኖት ቢለይም ነገሩ ለሁሉ አንድ ነው። ለስእለት የሚሄድ ሰው በመንገድ ይበላል፤ ያድራል፤ ይተዋወቃል፤ ተሳላሚ በተዋወቀበት ስፍራም ነጋዴ ዐደራ ያስቀምጣል።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ መሪነት ባሌን ያዘ። ጎባም የገዢው መቀመጫ ሆነች። ከሰሜን ወታደሩ፣ ካህኑና ነጋዴው መጡ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተተከሉ። የአገሩ ባላገር ገባር ሆኖ ከባድ ሸክም መሸከሙን እውነተኛ ታሪክ ሊሸሽገው አይገባም። ይህ ፍልሰት በአንድ መንግሥት ውስጥ የሆነ ቢሆንም፣ ለውጭ ንግድ ግን አዲስ ፈላጊ አመጣ፤ ሹሙና ወታደሩ የባሕር ማዶ ጨርቅ ይሻሉና። በዚህ ጊዜ ከጎባ በስተ ምሥራቅ ያለችው ጊኒር የደጋውና የቆላው ነጋዴ የሚገናኝባት ገበያ ነበረች። ከጊኒር ወደ ታች በጁባ ወንዝ ዳር የምትገኘው ሉግ ደግሞ ከመርካ፣ ከብራዋና ከሞቃድሾ የሚመጡት ነጋዴዎች የሚቀመጡባት ከተማ ነበረች። የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቅ ወደ ደጋ ይወጣል። ጣልያናዊው ቦተጎ በ1888 ዓ.ም. በሉግ ሰፈር የመሠረተው፣ ኢጣልያም በ1900 ዓ.ም. ውል ሉግ በእርሷ ወገን እንድትቀር 3 ሚሊዮን ሊሬ ለኢትዮጵያ የከፈለችው፣ የመንገዱን ዋጋ ስላወቀች ነው። ሊሬው ግን መሬቱን እንጂ የነጋዴውን ልብ አልገዛም። ወሰኑ ሲጠብቅ፣ በሰሜንም ሌላ መንገድ ሲከፈት፣ ንግዱ ፊቱን መለሰ።

ያ ሌላ መንገድ የምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ብረቱን የዘረጋው ገንዘብ ነው፤ ፉርጎውን በዕቃ የሞላው ግን መጻተኛ ነበረ። ዓረቡ ከየመን፣ ሕንዱ ከሕንድ ባሕር ዳር፣ ግሪኩና አርመኑ ከየሀገራቸው መጥተው በሐረር፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ተቀመጡ። ከሕንድ የመጣው የመሐመድ ዓሊ ኩባንያ ከ1880 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሐረር ሥር ሰድዶ፣ በኋላ ከሀገሪቱ ታላላቅ አስመጪና ላኪ ቤቶች አንዱ ሆነ። የየመን ዓረቦች በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ትንንሽ ሱቅ ከፍተው ስኳር፣ ክብሪት፣ ላምባና ጨርቅ ሸጡ፤ ቡናና ቆዳም ሰበሰቡ። አሠራሩ ቀላል ነው። በዓደን የተቀመጠው ወንድም ዕቃውን በዱቤ ይልካል፤ በሐረር ያለው ይቀበላል፤ በገጠር ያለው የአክስት ልጅ ይሸጣል፤ በዕዳውም ፋንታ ቆዳ ይመለሳል። ባንክና ዳኛ በሌለበት ስፍራ ዋሱ ዝምድና ነበረ፤ ዱቤውን የካደ ሰው ስሙ በአራት ከተማ ይጠፋልና።

የመጻተኛን ኀይል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የአቡጀዲ ታሪክ ነው። በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር ከአሜሪካ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የመጀመሪያውን የንግድ ውል ሲዋዋል፣ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት ዕቃዎች አንዱ ዋነኛ የአሜሪካ አቡጀዲ ነበረ። የሚያመጡትና የሚሸጡት ግን ሕንዶች፣ ዓረቦችና ግሪኮች እንጂ አሜሪካውያን አልነበሩም። ስለዚህ ከ1910ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የጃፓን ጨርቅ በርካሽ ዋጋ ሲመጣ፣ የአሜሪካን ጨርቅ የሚከራከርለት አንድ ሱቅ እንኳ አልተገኘም። የጨርቁ ሀገር ተለወጠ፤ ሱቁ ግን ያው ነበረ። ዕቃውን ብቻ የላከች ሀገር ገበያዋን በሰው እጅ አስይዛ ትኖራለች፤ ሰዋቸው የተቀመጠ ሕዝቦች ግን ዕቃው ቢለዋወጥም ገበያውን አይለቁም።

መጻተኛው ሲባረር ደግሞ ምን እንደሚሆን ሁለት ጊዜ ታይቷል። ኢጣልያ ሀገሪቱን በያዘች ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. የመሐመድ ዓሊን ኩባንያ አስወጣች፤ ንግዱንም ለራሷ ሰዎች ለማድረግ ሞከረች። ሁለተኛም፣ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ድርጅቶችንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ብዙዎቹ ዓረቦች፣ ግሪኮችና አርመኖች ተነሥተው ሄዱ። ሕንፃው ቀረ፤ መደርደሪያውም ቀረ። በዓደን፣ በቦምቤይና በአቴና የነበረው ዘመድ ግን ከመደርደሪያው ጋር አይወረስም፤ ከሰውየው ጋር ሄደ።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊናገር ይችላል፤ ንግግሩም መልካም ንግግር ነው። መጻተኛው ትርፉን ለራሱ አደረገ፤ ጥበቡን ለወገኑ እንጂ ለባላገሩ ልጅ አላስተማረም፤ የሀገሩ ነጋዴም ከበር ቆመ ይላል። ይህ በብዙ ስፍራ ሆኗል። ደግሞም በዚያው በሲራራው መንገድ ሰው እንደ ዕቃ መሸጡ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ባርነትም በዐዋጅ የተሻረው ገና በ1934 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ኀዘን ራሱ ያስተምራል። ባሪያ ሆኖ ወደ ባሕር ማዶ የተወሰደ ሰው ደግሞ ስደተኛ ነው፤ ሆኖም ደብዳቤ አልጻፈም፤ ዱቤ አልላከም፤ ወንድሙንም ወደ ገበያ አልጠራም። ነፃነት የሌለው ሰው ለሁለቱም ሀገር ድልድይ አይሆንም። ለመጀመሪያውም ተቃውሞ መልሱ መጻተኛውን ማባረር አይደለም፤ በሕግ ማስተዳደርና የሀገሩን ልጅ ከእርሱ እንዲማር ማድረግ ነው።

በዘመናችን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህንኑ በቍጥር መርምረውታል። አሜሪካዊው ዴቪድ ጉልድ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ አሜሪካ ከ47 ሀገሮች ጋር ያደረገችውን ንግድ መርምሮ፣ ከአንድ ሀገር የመጡ ሰዎች ሲበዙ ከዚያ ሀገር ጋር የሚደረገው ንግድ እንደሚጨምር አገኘ። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ መጻተኛው የሀገሩን ምግብና ልብስ ይናፍቃል፤ ደግሞም የሁለቱን ሀገር ቋንቋ፣ ሕግና ሰው ያውቃል። ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ሲበዙ እንጀራ በአውሮፕላን እየተጫነ ተከተላቸው። በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ በተከለከለ ጊዜ እንኳ እንጀራው መውጣቱን አላቆመም።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ ደጃፍ ይመለሳል። የባሌ ደጋ ዛሬ በስንዴው የታወቀ ነው፤ የሐረና ቡናም አለ። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ቀድሞ ለሀገር ተወላጆች ብቻ ተጠብቆ የነበረውን የቡናና የቆዳ ወጪ ንግድ፣ የገቢ ዕቃ ንግድንም፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድንም ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ። እንግዳው እንደገና ወደ ገበያ ይመጣል ማለት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋዎች ብዙ ወጣቶች በጂቡቲና በየመን በኩል ወደ ዓረብ ሀገር ይሄዳሉ፤ በ2006 ዓ.ም. ብቻ ሳውዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። የቀድሞው የየመን ነጋዴ በመጣበት ባሕር ዛሬ የኢትዮጵያ ልጅ ይሄድበታል። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው፤ ያ ስሙን ይዞ መጣ፤ ይህ ስሙን ሸሽጎ ይሄዳል። ተሸሽጎ የሚኖር ሰው ለእናቱ ጥቂት ገንዘብ ሊልክ ይችላል፤ የሀገሩን ቡና በስሙ ሊሸጥ ግን አይችልም።

ኦሪት እስራኤልን ስለ መጻተኛ ስታስጠነቅቅ እነርሱም በግብፅ መጻተኞች እንደ ነበሩ ታሳስባቸዋለች። ይህ ትእዛዝ ለሀገር ቤቱና ለባሕር ማዶው አንድ ነው። ወደ ባሌ ገበያ የሚመጣውን እንግዳ ሕግ ይቀበለው፤ ጥበቡን ለሀገሩ ልጅ ያካፍል፤ ሚዛኑም የቀና ይሁን። የሚወጣውም ልጅ ቋንቋና ሙያ ተምሮ፣ ስሙ በደብዳቤ ተጽፎ፣ በግልጽ መንገድ ይውጣ። ካህኑ በዐውደ ምሕረቱ፣ ሽማግሌው በሸንጎው፣ ወላጅም በቤቱ ይህን ይናገር። አባ ሰላማን ምርኮኛ አድርጋ የያዘች ሀገር ከእርሱ አንዳች ባላገኘች ነበር፤ ነፃነት ሰጥታ ስላከበረችው ግን ብርሃን አገኘች።