አዲስ አበባ በኮምፒውተር ዓለም የናይሮቢ ጥገኛ የሆነችው እንዴት ነው?

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ያ ቀን በዓለም ዙሪያ ሶፍትዌር ሠሪዎች በሚጠቀሙበት አንድ የኮምፒውተር ሰነድ ውስጥም ሰፍሮ እንደሚገኝ ነው። ሰነዱ እንደሚለው የአዲስ አበባ ሰዓት እስከዚያ ዕለት ድረስ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይቀድም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ድፍን 3 ሰዓት ሆነ። ወራሪው ከተማዋን ሲይዝ ሰዓቷንም አብሮ ቀየረ ማለት ነው። ታሪኩ እውነት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ካልሆነም ማን ጻፈው የሚለው ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

(ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰነዱ የሰዓት ክልሎች ዳታቤዝ ይባላል። አንድሮይድ፣ አይፎን፣ ሊኑክስ፣ ጃቫ ሁሉም ከእሱ ይቀዳሉ። የቀጠሮ መተግበሪያ ወይም የቪዲዮ ስብሰባ ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያ የትኛውንም ክፍት ላይብረሪ ቢመርጥ ከሥር የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው። ሥራውን በ1980ዎቹ የጀመረው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ነው። ኋላ ኃላፊነቱ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደሚሠራው ፖል ኤገርት ዞረ። ይህን ሁሉ ሶፍትዌር የተሸከመው ሥራ የበጎ ፈቃደኞች ነው። አንድ መንግሥት ሰዓቱን ሲቀይር አንድ ሰው ኢሜይል ይልካል፣ ሌላው ያጣራል፣ ሰነዱ ይታደሳል።

የጥንቱን ሰዓት ግን ከየት አመጡት? መልሱ ያስቃል፤ ከኮከብ ቆጣሪዎች። የሰውን ኮከብ ለመቁጠር የተወለደበትን ትክክለኛ ደቂቃ ማወቅ ግድ ስለሆነ፣ የየአገሩን የሰዓት ለውጥ በትጋት የለቀሙት የዚያ ሙያ ሰዎች ነበሩ። ቶማስ ሻንክስ የተባለው አጠናቃሪ ያዘጋጃቸው አትላሶች የዳታቤዙ ዋና ምንጭ ሆኑ።

ይህ ውለታ በ2011 ዕዳ ሆኖ መጣ። አስትሮሌብ የተባለ የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር ኩባንያ «የአትላሱ መብት የእኔ ነው» ብሎ ኦልሰንንና ኤገርትን ማሳቹሴትስ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ዳታቤዙ ይወርድበት የነበረው ሰርቨርና የኢሜይል ዝርዝሩ ተዘጉ። የዓለም ስልኮችና ሰርቨሮች ሰዓት የሚያድሱበት ምንጭ በሁለት ሰዎች ላይ በተመሠረተ ክስ ደረቀ ማለት ነው። ከቀናት በኋላ የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን የሚያስተዳድረው አይካን ሥራውን ተረከበ። የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች ለተከሳሾቹ ቆሙ። መከራከሪያቸው ቀላል ነበር። «በዚህ ቀን በዚህ ከተማ ሰዓቱ ይህ ነበር» ማለት ሐቅ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1991 በስልክ ማውጫ ጉዳይ ሐቅ ባለመብት እንደሌለው ወስኗል። ኩባንያው በየካቲት 2012 ክሱን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ።

ሐቅ ባለመብት የለውም። ግን ሐቅ መሆኑንስ ማን አረጋገጠ? የኢትዮጵያ ክፍል ላይ ጥያቄው ይከብዳል። ሻንክስ ኢትዮጵያ ከ1870 እስከ 1890 ድረስ እርስ በርስ የተቀራረቡ ስድስት የሰዓት ክልሎች ነበሯት ይላል። በ1870 አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ገና አልተቆረቆረችም። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዙፋኑ ላይ ያሉት ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ካሳ ምርጫ ትግራይ ላይ፣ ምኒልክ ሸዋ ላይ ናቸው። በዚያ ዘመን ስድስት የሰዓት ክልል ያወጀ አዋጅ ነጋሪ ማን ይሆን? ኤገርት ራሱ በሰነዱ ማስታወሻ ላይ ጥርጣሬውን አልደበቀም። 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከአዲስ አበባ ኬንትሮስ ጋር በትክክል ስለማይገጥም፣ ምናልባት «አዲስ ደራ» የሚባል ሌላ ቦታ ተሳስቶ ገብቶ ይሆናል፣ እንዲያውም መረጃው ጨርሶ ስህተት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፏል። የባዶሊዮ ቀንም የተገኘው ከዚሁ ምንጭ ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባ በዳታቤዙ ውስጥ የነበራት ታሪክ አጠራጣሪም ቢሆን የራሷ ነበር። በ2014 ይህም ቀረ። የዳታቤዙ ደንብ ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆኑ ቦታዎችን በአንድ መዝገብ ይጠቀልላል። በዚህ መሠረት አዲስ አበባ፣ አሥመራ፣ ጅቡቲ፣ ሞቃዲሾ፣ ካምፓላና ዳሬሰላም የናይሮቢ ቅጥያ ሆኑ። ስማቸው አለ፤ ሲጠሩ ግን አቤት የምትለው ናይሮቢ ናት። የድሮው መዝገብ «ባክዞን» ወደሚባል የጓዳ ሰነድ ገባ፤ ሶፍትዌሩን የሚያጠናቅረው ሰው ፈልጎ ካልጠየቀ አይወጣም።

ለዛሬ ስብሰባ ይህ ምንም አይጎዳም። ወደ ኋላ ሲኬድ ግን ነገሩ ይበላሻል። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሰዓቱ ከግሪንዊች በስንት ይቀድም ነበር ተብሎ ኮምፒውተር ቢጠየቅ «2 ሰዓት ከ45» ይላል። ያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የኬንያ ሰዓት ነው። የናይሮቢ መዝገብ ኋላ እስኪታረም ድረስ ደግሞ ይህችን ሩብ ሰዓት እስከ 1960 ይዘልቃት ነበር። በ1942 ዓ.ም. የተወለደ ሰው የልደት ቀኑ አንዱ ሶፍትዌር ላይ በ3 ሰዓት ልዩነት፣ እኩለ ሌሊት ተብሎ ይመዘገባል። ሌላው በ2 ሰዓት ከ45 ሲያነበው ከእኩለ ሌሊት በፊት ሩብ ጉዳይ ላይ ያርፋል፤ ሰውየው በአንድ ቀን ቀድሞ ይወለዳል። እንዲህ ዓይነት ስህተት የገጠመው ፕሮግራመር ኮዱን ቀን ሙሉ ቢበረብር አያገኘውም። መጠየቅ ያለበት ሁለቱ ላይብረሪዎች የትኛውን የዳታቤዝ እትም እንደያዙ፣ ባክዞን እንዳለበትና እንደሌለበት ነው። ለምሳሌ የፒ.ኤች.ፒ. ቋንቋ ዳታቤዝ ባክዞንን ጨምሮ ይጠናቀራል፤ ሌሎች አይጨምሩትም።

በ2014 ስለ አዲስ አበባ ይህ ነው የሚባል ጩኸት አልተሰማም። በ2021 ግን ኤገርት ያንኑ ደንብ አውሮፓ ላይም ልተግብር፣ ኦስሎና ስቶክሆልም ወደ በርሊን ይጠቅለሉ ሲል ቤቱ ተናጋ። ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ የጃቫን የቀንና የሰዓት ላይብረሪ የሠራው ስቲቨን ኮልበርን ነው፤ የራሱን የዳታቤዝ ቅጂ እስከማውጣት ደረሰ። የኤገርት መልስ የፍትሕ ጥያቄ ነበረው፤ የአፍሪካ አገሮች ታሪክ ሲጠቀለል ዝም ተብሎ የኖርዌይና የስዊድን ብቻ ለምን ይለያል? ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ናዚ ጀርመን የወረራት ኖርዌይ ሰዓቷን ከበርሊን መበደሯ ለኖርዌያዊ ይጎመዝዛል፤ አዲስ አበባ ከቅኝ ግዛት ናይሮቢ መበደሯም ለኢትዮጵያዊ ሊጎመዝዘው ይገባል። ልዩነቱ ኢሜይል የጻፈው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ነገሩ ለጊዜው ተገትቶ በ2022 ኦስሎም ስቶክሆልምም ተጠቀለሉ።

ኮልበርን ላይ መፍረድ ግን አይገባም። ጆዳ ታይም የተባለው የቀድሞ ላይብረሪው 13 ወር ያለውን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዞ ነበር። በ2014 የወጣው ጃቫ 8 የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ሲያካትት የኢትዮጵያን ተወው፤ እሱን የሚፈልግ ተጨማሪ ላይብረሪ መጫን አለበት። ጳጉሜን የሚያህል ነገር እንደ ትርፍ ዕቃ ለብቻው ይጫናል።

የወደፊት ቀጠሮ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በየወቅቱ አትቀያይርም፤ ዋሽንግተን ግን ትቀያይራለች። እዚያ በክረምታቸው እኩለ ቀን ላይ የሚጀመር የዙም ስብሰባ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው 1 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካ ሰዓቷን በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ ደግሞ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ስለሚቀይሩ፣ በመሃሉ ባሉት ሳምንታት ከዋሽንግተን፣ ከለንደንና ከአዲስ አበባ የሚገናኙ ሰዎች አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይገባል። ባለሙያ የወደፊት ቀጠሮን በዓለም አቀፉ ሰዓት ብቻ ቀይሮ ማስቀመጥ የለበትም። የግድግዳው ሰዓትና የከተማው ስም አብረው ይቀመጡ፤ ስሌቱ ቀኑ ሲደርስ በታደሰ ዳታቤዝ ይሠራ።

ሊባኖስ በማርች 2023 ይህን በዓለም ፊት አሳየች። ጠቅላይ ሚኒስትር ናጂብ ሚቃቲ የሰዓት ለውጡ ከረመዳን በኋላ ይሁን ብለው ጥቂት ቀን ሲቀረው አወጁ። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያን አልቀበልም አለች። አገሪቱ ለቀናት ሁለት ሰዓት ሆነች፤ ስልኮች የትኛውን ይከተሉ? የዳታቤዙ በጎ ፈቃደኞች አዲስ እትም አወጡ፤ ካቢኔው ውሳኔውን ሲሽር በቀናት ውስጥ ሌላ እትም አውጥተው መለሱት። ያልታደሰ ላይብረሪ የያዘ መተግበሪያ የሁሉንም ወገን ቀጠሮ አሳሳተ።

በዳታቤዙ የኢትዮጵያ ክፍል ላይ ኤገርት የተወው አንድ ማስታወሻ አሁንም አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረው እንደሚቆጥሩ፣ የእነሱ 8 ሰዓት የፈረንጁ 2 መሆኑን ያብራራና፣ በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ይህን እንዲያስብ ያሳስባል። ማስታወሻው የተጻፈው ለሰው አንባቢ ነው። ኮምፒውተሩ ያንን መስመር ዘልሎ ያልፋል፤ የቀጠሮ ላይብረሪዎቹም ለዚህ አቆጣጠር ቦታ ስለሌላቸው፣ «ማታ 2 ሰዓት» ብሎ የተስማማ ሰው መተግበሪያው ላይ 8 ብሎ መሙላት አለበት።