አርባ ልጆችና የጄኔቫው መግለጫ



ጦርነት ያፈናቀለውን ሕፃን የመጠበቅ ዕዳ የማን ነው? ጥያቄውን ሃያ ቀን ብቻ በሚለያዩ ሁለት ድርጊቶች በኩል ላቅርበው።

ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። በኦቶማን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1915 ከተጀመረው የዘር ፍጅት የተረፉ ነበሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተዋቸው፣ ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ተቀብለው አስመጧቸው። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነትም የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን «አርባ ልጆች» እያሉ የሚያወሱን በሙዚቃው ምዕራፍ ነው። ይህ አመዳደብ እኔን ይጎረብጠኛል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የስደተኛ ሕፃናት ታሪክ ነውና። ጥላ ያገኙት ግን ስደተኞች ስለሆኑ ብቻ አልነበረም፤ መለከት ይነፉ ስለነበረም ነው። መለከት ያልያዙት እዚያው ኢየሩሳሌም ቀሩ።

መስከረም 16 ቀን 1917 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ በጄኔቫ የሕፃናትን መብት መግለጫ አጸደቀ። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ከሆነች ዓመት ሊሞላት ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። የመግለጫው አርቃቂ ኤግላንታይን ጄብ የተባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1919፣ የጦርነቱ እገዳ በረኃብ ያመነመናቸውን የኦስትሪያ ሕፃናት የሚያሳይ ወረቀት ለሳንሱር ሳያቀርቡ በለንደን በመበተናቸው ተከሰው የገንዘብ ቅጣት ተፈርዶባቸዋል። የጠላት አገር ልጅ ልጅ አይደለምን? የክርክራቸው እምብርት ይህ ነበር። መለከት መንፋቱን አልጠየቁም።

በዚህ ረገድ መግለጫው ከቤተ መንግሥቱ ርኅራኄ የሰፋ ነው። አምስት አንቀጾች ብቻ አሉት፤ ሦስተኛው በመከራ ጊዜ እርዳታ አስቀድሞ ለሕፃን ይድረስ ይላል። ነገር ግን የግሱን ባለቤት ፈልጉ። ዕዳውን የሚቀበሉት የአገሮች ሁሉ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። መንግሥት የሚለው ቃል የለም፤ ስለዚህም የሚጠየቅ የለም። ራስ ተፈሪ ለአርባዎቹ በስም የሚታወቁ ባለዕዳ ነበሩ፤ ጄኔቫ ግን ለሁሉም ቃል ገብታ ባለዕዳውን ሳትሰይም ቀረች።

እኚያው አልጋ ወራሽ፣ አሁን በስደት ያሉ ንጉሠ ነገሥት ሆነው፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫው ጉባኤ ፊት ቆሙ፤ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሴቱም በሕፃኑም ላይ መርዝ ማርከፍከፋቸውን ተናገሩ። የ1917ቱን መግለጫ ጠቅሶ ማንን መክሰስ ይቻል ነበር?

ሕጉ ባለቤቱን ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. የ1977ቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለውትድርና እንዳይመለመል ደነገጉ፤ ድንበሩ ዝቅተኛ ነው፣ ግዴታው ግን በተዋጊ ወገኖች ላይ ወድቋል። በእኔ ግምት ከሁሉ የጠራው እ.ኤ.አ. የ1990ው የአፍሪካ ሕፃናት ቻርተር ነው፤ ሕፃን ማለት ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ነው ይላል፣ 22ኛው አንቀጽም ሕፃን በውጊያ እንዳይሰለፍ የማድረጉንና ያለመመልመሉን ግዴታ የሚያሸክመው ፈራሚዎቹን መንግሥታት ነው።